ፈንገሱ ቅጠሉን በምን አወቀው?

(የመክፈቻ ዜማ፦ ማሲንቆ። ዜማው ቀስ እያለ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ፣ በደምቢያ፣ በጭልጋ፣ በአለፋና በጣቁሳ፣ ወደ ላይም በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ ሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል። ቡና እየተፈላ ከሆነ ይፈላ። ከእርሻ ገብታችሁ ጋቢ ደርባችሁ አረፍ ያላችሁም ሬዲዮኑን ጠጋ አድርጉት።

የዛሬው ወሬያችን በቆሎ ነው። ስለ ማዳበሪያ ግን አናወራም፤ ስለ ገበያ ዋጋም አናወራም። የምናወራው ቅጠሉን ስለሚያደርቅ አንድ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ቅጠል ላይ ሲያርፍ በውስጡ ስለሚተላለፈው መልእክትም እናነሣለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነሐሴ ላይ፣ ልጆች ቡሄ በሚጨፍሩበት ሰሞን፣ በቆሎው መሐል ገብታችሁ የታችኛውን ቅጠል ገልጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሐሉ ሰፋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ ረጅም ቁስል አላያችሁም? መጀመሪያ ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ኋላ የደረቀ ሣር የሚመስል? አንዳንዱ የጣት ርዝመት አለው፤ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ምች መታው» ይላል። ደጋ ላይ ያለው ደግሞ «ውርጭ ነው» ይላል። ውርጭ ግን ሰማዩ በጠራ ሌሊት ይመጣና ከላይ የተጋለጠውን ቅጠል በአንድ ጊዜ ያነድደዋል። ይህኛው ከታችኛው ቅጠል ይጀምርና ሳምንት በሳምንት ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ፈንገስን ጠርጥሩ።

ባለሙያዎች ቱርሲከም ይሉታል። በሳይንስ ስም የተመዘገበው በፈረንጆች 1876 በጣሊያን አገር በፓርማ ነው፤ መዝጋቢው ፓሴሪኒ የሚባል የዕጽዋት ሊቅ ነበር። ዛሬ በቆሎ ባለበት፣ አየሩም ቀዝቀዝና ርጥብ በሆነበት አገር ሁሉ አለ። በእኛም አገር በወይና ደጋው የበቆሎ እርሻ ከሚያስቸግሩት የቅጠል በሽታዎች ዋናው ነው። በቆሎው ገና ሳያብብ ከያዘውና ዝርያው መቋቋም ከሌለው ምርቱን እስከ ግማሽ ሊወስደው ይችላል።

ለምን እኛ ጋ ተመቸው? መልሱ አየሩ ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጎንደር ከተማ ከ2100 ሜትር በላይ፤ ደባርቅ ከ2700 በላይ። ፈንገሱ የሚወደው ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ላይ ቅጠሉ እንደረጠበ ብዙ ሰዓት መቆየት አለበት። የክረምታችንን ማታ አስቡት። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ጉም ይጋርደዋል፣ ጠዋት ፀሐይ እስክትወጣ ጤዛው አይደርቅም። እኛ ብርድ ብለን የምንሸሸው ሌሊት ለእርሱ የሥራ ሰዓቱ ነው።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ።

ፈንገሱ የሚባዛው ስፖር በሚባል በዓይን በማይለይ ብናኝ ነው። ይህን ብናኝ ንፋስ ያነሣዋል። ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ የቤት ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፤ የበግ ጀርባ ላይ ያርፋል። ከስንት አንዱ የበቆሎ ቅጠል ላይ ያርፋል። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። ታዲያ የበቆሎ ቅጠል ላይ ማረፉን በምን አወቀ?

ጥያቄውን ልድገመው፤ የዛሬው ዝግጅት በሙሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ፈንገሱ ቅጠሉን በምን አወቀው?

ስፖሩ ርጥበት ሲያገኝ ያቆጠቁጥና ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ በቅጠሉ ገጽ ላይ ይሄዳል። ሲሄድ ይዳስሳል ብንል አልተሳሳትንም። ገጹ ጠንካራ ነው ወይስ ልል? ውኃ ይቀበላል ወይስ እንደ ሰም ይገፋል? ነገሩ ከተስማማው የክሩ ጫፍ ያብጣል። ያበጠውን ክፍል ሳይንቲስቶች አፕሬሶሪየም ይሉታል፤ እኛ ለዛሬ መርገጫ እንበለው። ፈንገሱ በመርገጫው ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ከሥሩ መርፌ የመሰለ ቀጭን ነገር ያወጣና ቅጠሉን ወግቶ ይገባል። ቁስሉን እናንተ የምታዩት ከዚያ በኋላ ሳምንት አልፎ፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የዳሰሰው የክሩ ቆዳ ነው። «መርገጫ ይሠራ» የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ግን ከሴሉ ውስጥ፣ ጂኖቹ ካሉበት ከአስኳሉ ነው። ቆዳው ያወቀውን አስኳሉ እንዴት ሰማ?

ስልክ ባልነበረበት ጊዜ በእኛ ደጋ የለቅሶ ጥሪ እንዴት ይደርስ እንደነበር አባቶቻችንን ጠይቁ። አንዱ ጋራ ላይ ወጥቶ ይጣራል። ማዶ ያለው ይሰማና ለሚቀጥለው ጋራ ይጣራል። እርሱም ተቀብሎ ወደ መንደሩ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ሰው መንደሩን አያየውም፤ መንደሩም የመጀመሪያውን ሰው አይሰማውም። መካከለኛው ዝም ካለ ማንም ለቅሶ አይደርስም።

በፈንገሱም ሴል ውስጥ እንዲህ በተርታ የቆሙ ሦስት ፕሮቲኖች አሉ። ከሴሉ ዳር ወሬው ሲመጣ የመጀመሪያው ይነቃል። የነቃው ፎስፌት የሚባል ኬሚካል በሁለተኛው ላይ ይለጥፍበታል፤ በዚያ ሁለተኛው ይነቃል። ሁለተኛው በሦስተኛው ላይ ይለጥፋል። ሦስተኛው ወደ አስኳሉ ይገባና የሚፈለጉትን ጂኖች ያስነሣል። እነዚህ ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚሠሩ የተጻፈው በጂን ስለሆነ፣ ጂኖቹን መልእክት አስተላላፊ ጂኖች እንላቸዋለን።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሦስት በሦስት የሚቀባበለው ይህ ሥርዓት የፈንገስ ብቻ አይደለም። በቆሎው ውስጥም አለ፤ በእኔና በእናንተም ሰውነት ውስጥ አለ። ስለዚህ ፈንገሱን እጎዳለሁ ብሎ ይህን ሰንሰለት የሚነካ ሰው መጠንቀቅ አለበት።

(ዜማ። ከአሥር ሰከንድ በኋላ ይወርዳል።)

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ነገር አለ። አንድ ጂን ምን እንደሚሠራ እንዴት ይታወቃል? መልሱ በአጭሩ፦ ታወጣውና ምን እንደጎደለ ታያለህ።

ለዚህ ሥራ ፈንገስ ይመቻል። እኛ ከእናትና ከአባት ሁለት ሁለት ቅጂ እንወርሳለን፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል። እንዲህ ያሉት ፈንገሶች ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚኖሩት አንድ አንድ ቅጂ ይዘው ነው። አንዱን ጂን ካወጣችሁት የሚሸፍንለት የለም፤ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪው የሚፈልገውን ጂን አውጥቶ በቦታው ሌላ ጂን ይተካል። የተተካው ጂን ሃይግሮማይሲን የሚባለውን መርዝ ለመቋቋም ያስችላል። ከዚያ ፈንገሱን ሁሉ መርዙ ያለበት ሳህን ላይ ያበቅለዋል። ያልተለወጠው ይሞታል፤ የተለወጠው ይተርፋል። የተረፈውን ወስዶ የበቆሎ ቅጠል ላይ ይረጨዋል፤ ጤነኛውን ፈንገስ በሌላ ቅጠል ላይ ይረጫል፤ ሁለቱን ያወዳድራል።

አልቋል? አላለቀም። ያወጣውን ጂን መልሶ ያስገባል። ፈንገሱ የጠፋበት ኃይል ከተመለሰለት፣ ጉዳቱ በእርግጥ ከዚያ ጂን መጥፋት የመጣ ነው ማለት ነው። እኔ ከሥራው ሁሉ ይህችን እርምጃ እወዳታለሁ። ማፍረስ ለማንም አይከብድም፤ መልሶ ማቆም ነው ማስረጃው።

ታዲያ ምን ተገኘ? ወደ ቱርሲከም የቅርብ ዘመድ ልውሰዳችሁ። እርሱም የበቆሎ ቅጠል ያደርቃል፤ የሚወደው ግን ሞቃታማ አገር ነው። ሳይንቲስቶች ኮክሊዮቦለስ ይሉታል። ይህ ፈንገስ በፈረንጆች 1970 አሜሪካን አስደንግጦ ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ አብዛኛው በቆሎ በእናቱ በኩል አንድ ዓይነት ውርስ ነበረው፤ ዘር አምራቾች ለሥራ ስለሚቀላቸው አብዛኞቹ ያንኑ ይጠቀሙ ነበር። ፈንገሱ ለዚያ ውርስ የሚስማማ መርዝ ይዞ መጣ። ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተ ሙከራ ይህን ፈንገስ ሲያጠና ቆይቷል።

በፈረንጆች 1999 ከእስራኤልና ከአሜሪካ የተባበሩ ተመራማሪዎች በዚህ ፈንገስ ላይ ሁለት መልእክት አስተላላፊ ጂኖችን እያወጡ አዩ። ከመካከላቸው ቤንጃሚን ሆርዊትዝና ጊሊያን ተርጀን ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ጂን ሲኤችኬ1 ይባላል። በተርታ ከቆሙት የሦስተኛው ነው። እርሱ ሲወጣ ፈንገሱ መርገጫ መሥራት አቃተው፤ ስፖር ማፍራትም አቆመ። ቅጠል ላይ ሲያኖሩት የሚያደርሰው ቁስል አነሰ። ስፖር አለማፍራቱን ልብ በሉ። ስፖር ከሌለ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚሻገር ነገር የለም።

ሁለተኛው ሲጂኤ1 ነው። ይህ የሴሉ ዳር ላይ ሆኖ ወሬውን ከሚቀበሉት ወገን ነው። እርሱ ሲወጣ ክሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ያረፈበት ገጽ ምንም ስሜት የሰጠው አይመስልም፤ መርገጫም ከስንት አንዴ ካልሆነ አይሠራም። እንግዲህ በሽታው ቆመ ትላላችሁ አይደል? አልቆመም! ያለ መርገጫም ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ አቆሰለው።

ይህን ውጤት የማነሣላችሁ በምክንያት ነው። ስለ ጂን ጥናት ሲወራ «አንዱን ጂን ዘጉት፣ በሽታው ድራሹ ጠፋ» የሚል ወሬ ይበዛል። ፈንገሱ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይሄድም። የሩዝ ቅጠል ከሚያጠቃው ፈንገስ ጋር አወዳድሩት። በፈረንጆች 1996 ፒኤምኬ1 የተባለው ጂን ሲወጣበት መርገጫ መሥራት አቃተው፤ ቅጠሉን ቧጥጠው በቁስሉ ቢያስገቡትም ማደግ አልቻለም። አንዱ ፈንገስ ላይ በሽታውን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ጂን አለ፤ ሌላው ላይ ሌላ ጂን ስታወጡ ፈንገሱ ዞሮ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለየብቻው መጠናት አለበት። የቻይና ተመራማሪዎች፣ በተለይም በሄቤይ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ያሉት፣ በራሱ በቱርሲከም ላይ የዚህን ሰንሰለት ጂኖች ሲያጠኑ የቆዩት ለዚህ ነው።

(የማሲንቆ ዜማ፣ አጭር)

እየሰማችሁ ላላችሁ፣ አሁን ለከፈታችሁም፣ እስካሁን ያልነውን ባጭሩ ልድገመው። ስፖር ቅጠል ላይ ያርፋል። ክር ያወጣል፤ ክሩ ገጹን ይዳስሳል። ወሬው በሦስት ፕሮቲኖች ቅብብሎሽ ወደ አስኳሉ ይደርሳል። አስኳሉ ትእዛዝ ያወጣል፤ ፈንገሱ ይገባል።

በቆሎውስ? ዝም ብሎ ይበላል እንዴ?

አይበላም። በቆሎም የራሱ ሰሚ አለው። በፈረንጆች 2015 በስዊዘርላንድ ዙሪክ የሚገኙ ተመራማሪዎች ቱርሲከምን የሚቋቋም አንድ የበቆሎ ጂን ምን እንደሆነ ለዩ። ስሙ ኤችቲኤን1 ነው። የተገኘው ፔፒቲያ ከሚባል የሜክሲኮ የአገር በቆሎ ሲሆን፣ አርቢዎች ከፈረንጆች 1970ዎቹ ጀምሮ ሲያዳቅሉበት ኖረዋል። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን በቅጠሉ ሴል ዳር ላይ ይቀመጣል። ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ የሴሉን ግድግዳ ይነካል፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ መልእክት ይልካል። እንግዲህ አንዱ ሊገባ ሲያዳምጥ፣ ሌላው የሚገባውን ያዳምጣል! የሚገርመኝ ደግሞ ሜክሲኳዊው ገበሬ ይህን ጂን ስሙን ሳያውቀው ዘሩን እየመረጠ ለትውልድ ማቆየቱ ነው።

ይህ ጂን ያለው በቆሎ ጭራሽ አይታመምም ማለት አይደለም። ቁስሉ ይዘገያል፣ ቁጥሩም ያንሳል። በቆሎው ፍሬ እስኪሞላ ድረስ መዘግየቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ሌሎችም አሉ፤ ኤችቲ1፣ ኤችቲ2፣ ኤችቲ3 ይባላሉ። ፈንገሱም እየተለወጠ አንዱን ወይም ሌላውን ያሸንፋል። ኤችቲ1ን ያሸነፈው የፈንገስ ዓይነት ዘር 1 ይባላል፤ ኤችቲ2ንና ኤችቲ3ን ያሸነፈው ዘር 23 ይባላል። ቁጥሩን ስታዩ ማንን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ስለ ጂን ጥናት ስናወራ ብዙዎቻችን ቶሎ ውድ መሣሪያ ይታየናል። ለጎንደር የሚቀድመው ግን ውድ መሣሪያ አይመስለኝም። የሚቀድመው ከደምቢያ፣ ከጭልጋና ከዳባት የታመመ ቅጠል ሰብስቦ ፈንገሱን ማውጣትና የየትኛው ዘር እንደሆነ መለየት ነው። ለዚህ ማይክሮስኮፕ፣ ማብቀያ ሳህን፣ እያንዳንዱን የኤችቲ ጂን ለየብቻ የያዙ የበቆሎ ዝርያዎችና ትዕግሥት ይበቃል። ስፖሩ ይረጫል፤ የትኛው በቆሎ እንደቆሰለ ይታያል። ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ወይም ለጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ወጣት ተመራማሪ ይህ በአቅም የሚሠራ ሥራ ነው። የሌላ አገር ቤተ ሙከራ የሚያጠናው የሌላ አገር ፈንገስ ነው፤ ቅጠላችን ላይ ያለው የእኛው ነው።

(አጭር ዕረፍት)

መድኃኒትስ? እንዲህ ያለውን የመልእክት ሰንሰለት የሚነካ መድኃኒት የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፤ ፍሉዲዮክሶኒል የሚባለውን ውሰዱ። በውጭው ዓለም የበቆሎ ዘር ከመዘራቱ በፊት ይታሸበታል። መነሻው አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ፈንገሶችን ለመከላከል የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት ፈንገሱን በቀጥታ አይመርዘውም፤ የመልእክቱን ሰንሰለት ያሳስተዋል። ፈንገሱ ጨው የበዛበት ቦታ የገባ መስሎት መከላከያውን ሳያቋርጥ ያስነሣል፤ በዚያው ይሞታል።

በፈረንጆች 2004 የጃፓን ተመራማሪዎች በኮክሊዮቦለስ ላይ ዲክ1 የሚባለውን ጂን ለዩ። ይህ ጂን የተበላሸበት ፈንገስ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ይቋቋማል፤ በምትኩ ጨው የበዛበት ቦታ መኖር ያቅተዋል። ቅድም «ይህ ሰንሰለት በእኛም ውስጥ አለ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል» ብዬ ነበር። ዲክ1 የሚሠራው ዓይነት ፕሮቲን ግን በሰውም በከብትም ውስጥ የለም። መድኃኒት ፈላጊዎች ዓይናቸውን የጣሉበት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። በቆሎ ተሸልቅቆ ካለቀ በኋላ አገዳው ምን ይሆናል? ለከብት፣ ለማገዶ፣ ለአጥር። የተረፈው በማሳው ዳር ተቆልሎ በጋውን ይከርማል። ፈንገሱም አብሮት ይከርማል፤ በደረቀው ቅጠል ውስጥ በክርና ቆዳቸው በወፈረ ስፖሮች መልክ። የሰኔ ዝናብ ሲያርፍበት አዲስ ስፖር ያፈራና አጠገቡ ወደ በቀለው በቆሎ ይሄዳል። ስለዚህ አገዳው ዝናብ ሳይገባ ይለቅ፤ ካላለቀ ማሳው ዳር አይቆለል። በማሳው የተረፈው ቅጠል በእርሻ ወደ አፈር ይገልበጥ።

በዚያው ማሳ ዓመት በዓመት በቆሎ አትመላልሱ። የደምቢያ ገበሬ ሽንብራ መዝራት ያውቅበታል፤ ጤፍም አለ፤ ደጋ ላይ ባቄላ አለ። በማሽላ መተካት ግን ብዙ አይረዳም፤ ቱርሲከም ማሽላም ላይ ይገኛልና።

ዘር ስትገዙ ስለ ምርቱ ብቻ አትጠይቁ። ቱርሲከምን ይቋቋማል ወይ ብላችሁ የልማት ሠራተኛውን ጠይቁት። ከባኮ የበቆሎ ምርምር የወጡት ቢኤች 660 በ1993፣ ቢኤች 661 ደግሞ በ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር የተለቀቁ ናቸው። ለደጋ ተብለው በአምቦ በኩል የወጡ ጅባትና ወንጪ የሚባሉም አሉ። ለወይና ደጋ የወጣው ዳባት ላይ፣ ለደጋ የወጣው ደምቢያ ላይ እኩል አይሆንም፤ የከፍታውን ነገር አብራችሁ አንሡ።

የታመመ ቅጠል ለባለሙያ የምትወስዱ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ይታፈንና ሌላ ሻጋታ ይወርሰዋል። በጋዜጣ ወይም በወረቀት ጠቅልላችሁ ውሰዱት። ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት።

ለዛሬ ጥያቄያችን ይኸውላችሁ። በዚህ ሳምንት ማሳችሁ ገብታችሁ ቁስል ካገኛችሁ፣ ከሥር ስንተኛው ቅጠል ላይ እንደጀመረና በቆሎው አብቦ እንደሆነ ወይም ገና እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት የደረሰንን እያነበብን፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ፍሬውን ስለሚያበላሸው ሻጋታ እንነጋገራለን። ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ፦ ማሲንቆ)